ድምፁ እንቅልፍ የማይነሳ ኩለር ለጉልበተኛ ፕሮሰሰር፦ ከመለካት እስከ መግጠም

ጥር ባህር ዳር ላይ የሰርግ ወር ነው፣ እኔ ደሞ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረኩ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ጥር ለኔ እንቅልፍ የለውም። ችግሩ እኔ ብቻ ሳልሆን ቤቱ በሙሉ አይተኛም ነበር። ራይዘን 9 7950ኤክስ የሚባል ፕሮሰሰር (ሲፒዩ) ያለው ዴስክቶፕ ገጣጥሜ በላዩ ላይ የጫንኩበት ኩለር (ማቀዝቀዣ) ትንሽዬ ባለ አንድ ታወር፣ ማለትም አንድ የብረት ግንብ ብቻ ያላት ነገር ነበረች፣ ሬንደር (ያለቀውን ቪዲዮ ማውጣት) ስጀምር ፋኗ ትጮሃለች ትጮሃለች፣ እናቴ ከግድግዳው ማዶ ሆና "አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ነው እንዴ የተከልከው? ጎረቤት እህሉን ይዞ እንዳይመጣብን!" ትለኛለች። ቀልዷን ነው፣ ግን እውነቷን ነው።

ከዛ በኋላ አንዱን ገዝቼ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) አልዘጋ ብሎኝ፣ ሌላውን ፈታትቼ ገጣጥሜ፣ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲሰራ እኔም አጠገቡ እተኛለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ብቻ ከመጀመሬ በፊት አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ፦ ዝምታ የሚገዛው በብረት ነው። ብረቱ (ሂትሲንኩ ማለቴ ነው፣ ሙቀቱን ከሲፒዩው ተቀብሎ ለአየሩ የሚሰጠው) ትልቅ ሲሆን ፋኑ መሮጥ አያስፈልገውም፣ ፋን ካልሮጠ ደሞ ከየት መጥቶ ይጮሃል? ትንሽ ብረት ላይ በዓለም ውዱን ፋን ብትጭኑበት ሙቀቱ ሲያስጨንቀው መሮጡ አይቀርም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚች ነገር ነው የሚመዘዘው።

1. መጀመሪያ የሚጮኸውን ለዩ

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ጮኸ ብሎ ዘሎ ሲፒዩ ኩለር ይገዛል፣ ከዛ ገጥሞት ሲያበቃ ጩኸቱ እዛው ነው፣ ምክንያቱም ሲጮህ የነበረው የግራፊክስ ካርዱ ፋን ነበር፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩ፣ ወይ ደሞ ኬዙን የሚያንቀጠቅጥ አሮጌ ሃርድ ዲስክ። ለመለየት ምንም መሳሪያ አያስፈልግም፣ ሶፍት ሲያልቅ መሃሉ ላይ የምትቀረውን የካርቶን ቱቦ ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ወደ እያንዳንዱ ፋን አስጠግታችሁ አዳምጡ (ምላጩን እንዳትነኩ)። ሃኪም ልብ እንደሚያዳምጠው ነው፣ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ትለያላችሁ።

ኬዙን ስትከፍቱት ድምፁ ባህሪው ከተቀየረም አስተውሉ። ጎኑ ተከፍቶ ፋኑ ቀስ ካለ ችግሩ ኩለሩ ላይ ሳይሆን ኬዙ አየር ማጣቱ ነው፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሲፒዩው መሆኑ ከተረጋገጠ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዳችሁ ከፍታችሁ ከባድ ስራ አሰሩት፣ የራሳችሁ ሬንደር ቢሆን ይሻላል፣ ከሌለ ሲኔቤንች የሚባለውን የሲፒዩ መፈተኛ ፕሮግራም ለ10 ደቂቃ። ከዛ ሶስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ሲፒዩው ስንት ዋት እየበላ ነው፣ ስንት ዲግሪ ደርሷል፣ ፋኑ በደቂቃ ስንት ዙር እየዞረ ነው። አራተኛ ጨምሩ ካላችሁኝ የክፍሉን ሙቀት። ወረቀቷን አትጣሏት፣ አዲሱን ስትገጥሙ ከሷ ጋ ነው የምታወዳድሩት።

2. የፕሮሰሰሩን ወርቅ ፈልጉ

ዋሸራ ገብተን ቅኔ ባንዘርፍም ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ጎጃም ያደገ ሰው አይጠፋውም። የፕሮሰሰር ካርቶን ላይ ያለው ዋት ሰሙ ነው። የኔ 7950ኤክስ "170 ዋት" ይላል፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ) እንዲበላ የሚፈቅድለት ግን 230 ዋት ነው። የኢንቴሉ ኮር አይ9-14900ኬ ሰሙ 125፣ ወርቁ 253 ዋት፣ እጥፍ ማለት'ኮ ነው! ራይዘን 7 9700ኤክስ 65 ተብሎ 88 ድረስ ይሄዳል። ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 120 ተብሎ ገደቡ 162 ነው ግን እሱ የዋህ ነው፣ ጌም ላይ 100 እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ ለጌም ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ትልቁን ኩለር አታባክኑበት።

የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ያላችሁ ደሞ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ገደቡን ጭራሽ ከፍተውት ነው የሚመጡት፣ 253 ራሱ አይገድበውም። በ2024 ኢንቴል በነዚህ ትውልዶች ላይ ለተገኘው የቮልቴጅ ችግር ማስተካከያ አውጥቷል፣ ስለዚህ ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት ባዮሳችሁን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የመነሻ ፕሮግራም) አፕዴት አድርጉና የኢንቴል ዲፎልት የሚለውን ምረጡ። ይሄን ያላደረገ ሰው ስለ ድምፅ ሊያወራ አይገባም፣ ቅድሚያ ፕሮሰሰሩ ይትረፍ።

ዋቱ ለምን አስፈለገ? የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ። 230 ዋት ማለት የድሮው ባለ 100 አምፖል ሁለት ሲበራ ከሚሰጠው ሙቀት በላይ ነው፣ ያ ሁሉ የሚወጣው ደሞ እያንዳንዳቸው 70 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆኑ ሁለት ቺፖች ነው፣ የጣት ጥፍር ታክላለች። ለዛ ነው የራይዘን 7000 ትላልቆቹ ምርጥ ኩለር ተጭኖባቸውም 95 ዲግሪ የሚደርሱት፣ ሰሪያቸው ኤኤምዲ ራሱ እስከዛ ድረስ እንዲሰሩ አድርጌ ነው የሰራኋቸው ይላል። 95 ስታዩ አትደንግጡ። የኢንቴሎቹ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ጣሪያቸው 100 ነው።

3. ብር ሳታወጡ የሚገኘውን ዝምታ መጀመሪያ ውሰዱ

እቺን ሳልናገር ወደ ግዢ ብወስዳችሁ ነውር ነው። እንደኔ ራይዘን ያላችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡና ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭ የሚለው ስር ኢኮ ሞድ ታገኛላችሁ፣ 105 ዋት የሚለውን ስትመርጡ ትክክለኛው ገደብ 142 ዋት ይሆናል (ሰምና ወርቁ እዚህም አለ)። ከ230 ወደ 142 ወረደ ማለት ነው። ፍጥነቱም በዛው ልክ የሚወርድ ይመስላችኋል፣ አይወርድም፣ እነዚህ ፕሮሰሰሮች የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት ነው ያን ሁሉ ዋት የሚያቃጥሉት። እኔ ጋ 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ሬንደር ሁለት ሶስት ደቂቃ ብቻ ነው የጨመረብኝ። ኢንቴል ላይ ደሞ ፒኤል1 እና ፒኤል2 የሚሉትን ሁለት ገደቦች ወደ 180 ምናምን ብታወርዱ ተመሳሳይ ውጤት ነው።

አንዳንዱ ሰው "ሙሉ ጉልበቱን ከፍዬበት ለምን እቀንሳለሁ" ይላል። መብቱ ነው። እኔ ግን እናቴ ከምትነቃ ሬንደሩ ሶስት ደቂቃ ቢዘገይ እመርጣለሁ፣ ለዛውም መብራት ሲጠፋና በዩፒኤስ (በመጠባበቂያ ባትሪ) ስትሰሩ ዋቱ ማነሱ ፋይል ሴቭ አድርጋችሁ ለመዝጋት የምታገኟትን ደቂቃ ያረዝማታል።

4. ኬዛችሁን ለኩ፣ በግምት አትሂዱ

እዚህ ጋ ነው እኔ የተቃጠልኩት። መጀመሪያ የገዛሁት ትልቁ ኩለር ቁመቱ 165 ሚሊ ነበር፣ ሻጩን "ይገባል ወይ?" አልኩት፣ "ሁሉም ኬዝ ላይ ይገባል" አለኝ፣ እኔም አመንኩ። የኔ ኬዝ የሚችለው 160 ነው። አምስት ሚሊ! ጎኑን መዝጋት አቃተኝና በጋውን ሙሉ ክፍቱን ሰራሁበት፣ ግንቦት ላይ ውስጡን ሳየው የጤፍ አውድማ ላይ ያደረ ነበር የሚመስለው።

እንዲህ አድርጉ፦ የኬዙን ሞዴል ፈልጉና ሲፒዩ ኩለር ቁመት የሚለውን አንብቡ። ሞዴሉ የማይታወቅ ኬዝ ከሆነ (እኛ ጋ ብዙው እንደዛ ነው) ኩለሩን አውጥታችሁ ማስመሪያ ሲፒዩው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ከሲፒዩው የላይኛ ፊት እስከ ጎኑ ክዳን ውስጠኛ ገፅ ያለውን ለኩ፣ ከዛ ላይ አራት አምስት ሚሊ ቀንሱ። ያ ነው ልካችሁ።

ሁለተኛው ልክ ራም (ሲፒዩው አጠገብ የሚሰኩት የሚሞሪ ካርዶች) ነው። ትላልቆቹ ኩለሮች የፊተኛው ፋናቸው ራሙ ላይ ይወጣል። የኖክቱዋው ኤንኤች-ዲ15 ሁለቱም ፋኖች ሲገጠሙለት ከስሩ የሚተወው ለ32 ሚሊ ራም ነው፣ መብራት ያላቸው ቀንዳም ራሞች 40ን ያልፋሉ። ፋኑን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ መግጠም ይቻላል ግን ያኔ ቁመቱ ይጨምርና ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳላችሁ። መብራት የሌለው አጭር ራም ያላችሁ ተመስገን በሉ።

ሶስተኛው ሶኬት ነው፣ ሲፒዩው ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ። የኤኤምዲ ኤኤም4 ይሁን ኤኤም5፣ የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ይሁን 1851፣ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደሞ ብረቱን አይታችሁ አትደሰቱ፣ መያዣ ብረቶቹና ብሎኖቹ በፌስታል ተቋጥረው አብረው መኖራቸውን ቁጠሩ፣ እነሱ ከሌሉ የገዛችሁት የወረቀት መጫኛ ነው።

5. የኛን አየር አስቡበት

እቺን ማንም አይጽፋትም፣ ምክንያቱም ኩለር የሚፈትሹት ሰዎች አብዛኞቹ ቆላ ናቸው። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ባህር ዳር ላይ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ላይ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፣ ማርቆስ ደሞ በሩብ። ፋን የሚገፋው የአየር መጠን ያው ነው፣ ነገር ግን በዛ አየር ውስጥ ሙቀት የሚሸከመው ነገር ያንሳል። ጆንያው ያው ሆኖ እህሉ ጎደለ እንደማለት ነው። ስለዚህ የሆነ ፈታሽ "በ1000 ዙር 230 ዋት ይችላል" ሲል እኛ ጋ ያንኑ ለማግኘት ፋኑ ትንሽ መፍጠን አለበት፣ ወይ ብረቱ በአንድ ደረጃ ከፍ ማለት አለበት። ሁለተኛውን ምረጡ።

የክፍል ሙቀት ደሞ ቀጥታ ነው የሚደመረው። ክፍሉ 20 ሲሆን ሲፒዩው 75 የሚሆን ከሆነ፣ ሚያዝያ ላይ ባህር ዳር ከሰዓት ክፍሉ 30 ሲሆን 85 ነው። ኩለር ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፣ ፍሪጅ አይደለም። ማርቆስና እንጅባራ ያላችሁ አየሩ ቢሳሳባችሁም ብርዱ ይክሳችኋል፣ እናንተ በዚህ ነገር እድለኞች ናችሁ።

የውሃ ኩለር ሰው ሁሉ ያምረዋል፣ እኔ ግን አልመክረውም። የውሃው ፓምፕ አለው፣ ፓምፕ ደሞ ስራ ፈትታችሁ ብትቀመጡም ይንሾካሾካል፣ ሲሞት ሙሉው እቃ ነው የሚሞተው፣ ምትኩ እስኪመጣ ስራ ትፈታላችሁ። የአየሩ ኩለር ብረቱ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። በብረቱ መሃል የሚያልፉት የመዳብ ቱቦዎች ውስጣቸው አየሩ ተመጦ ትንሽ ፈሳሽ አለች፣ ከሲፒዩው በኩል ስትሞቅ ትተናለች፣ ላይኛው ቀዝቃዛ ጫፍ ጋ ስትደርስ ሙቀቷን ጥላ ወደ ፈሳሽ ትመለሳለች፣ ከዛ ቱቦው ግድግዳ ላይ ያለው ስፖንጅ የመሰለ ነገር መጥጦ ይመልሳታል፣ እንዲሁ ትመላለሳለች። የሚያረጀው ፋኑ ብቻ ነው፣ ፋን ደሞ ይቀየራል።

6. አሁን ምረጡ

እስካሁን ሶስት ቁጥር አላችሁ፦ ወርቁ ዋት፣ የኬዙ ልክ፣ የራሙ ቁመት። ከዚህ በኋላ ነው ሱቅ የሚኬደው።

እስከ 90 ዋት ድረስ (9700ኤክስ አይነቶቹ) ባለ አንድ ታወር፣ አራት ቱቦ፣ 120 ሚሊ ፋን በቂ ነው፣ ብዙ አትጨነቁ። የአርክቲክ ፍሪዘር 36 ቁመቱ 159 ነው፣ ለዚህ ይሆናል።

ከዛ በላይ እስከ 250 ድረስ ከሆነ ባለ ሁለት ታወር ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው የተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ነው፣ ስድስት ቱቦ፣ ሁለት ባለ 120 ፋን፣ ቁመቱ 155 ሚሊ ብቻ፣ ፋኑ ቢበዛ 1550 ዙር። ውጭ አገር ዋጋው 35 ዶላር አካባቢ ነው የሚሸጠው፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ብረት መገኘቱ ራሱ ይገርማል። ወንድሙ ፋንተም ስፒሪት 120 ኤስኢ ሰባት ቱቦ አለው፣ ቁመቱ ያው ነው በሉት። እኔ አሁን ያለኝ ይሄ ሰባት ቱቦው ነው። ዲፕኩል ኤኬ620 ቁመቱ 160 ነው፣ እሱም ጥሩ ነው ግን ፋኑ እስከ 1850 ስለሚሄድ ካልተቆጣጠራችሁት ይጮሃል።

ብር ካላችሁና ኬዛችሁ ሰፊ ከሆነ የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 አለ፣ በ2014 የወጣ ሆኖ እስካሁን ሰው የሚያወዳድረው ከሱ ጋ ነው፣ ቁመቱ 165፤ አዲሱ ጂ2 በ2024 ወጣ፣ 168 ሚሊ፣ ሲወጣ 150 ዶላር። የጀርመኑ ቢ ኳየት ዳርክ ሮክ ፕሮ 5ም 168 ነው። ኖክቱዋው የተሻለ ነው ወይ? አዎ፣ በተለይ የድምፁ ጥራት፣ ሲዞር "ሽ" ብቻ ነው የሚለው፣ ጫጫታ የለውም። የዋጋውን ልዩነት ግን ያህላል ብዬ አልምልላችሁም። ደሞ እኛ አካባቢ ባለ 120 ፋን ሲበላሽ ምትክ ይገኛል፣ ባለ 140 ግን ከአዲስ አበባ ማስፈለግ ነው፣ ይሄም ለኔ አንድ ምክንያት ነበር።

250 ዋት ሙሉ ቀን የሚበላ 14900ኬ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ በአየር ኩለር ጸጥ ይልልኛል ብለህ አትሳሳት፣ ወይ ገደቡን አውርድ ወይ ድምፁን ቻል ነው የምለው።

ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው ዲሲቤል ትንሽ ልበል። "25 ዲሲቤል" ይላል፣ ከምን ያህል ርቀት እንደተለካ አይልም፣ ስለዚህ የአንዱን ካምፓኒ ቁጥር ከሌላው ጋ ማወዳደር የሰማይና የምድር ነገር ነው። ማወቅ ያለባችሁ ይሄን ነው፦ 10 ዲሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል፤ አንድ አይነት ሁለት ፋን አንድ ላይ ሲዞር ግን የሚጨምረው 3 ብቻ ነው፤ አንድን ፋን ከ1500 ወደ 750 ዙር ስታወርዱት ደሞ 15 ገደማ ይቀንሳል። አያችሁ? ሁለት ፋን ቀስ ብሎ ቢዞር አንድ ፋን ከሚሮጥ በጣም ይሻላል። ለዛ ነው ከላይ ብረቱ ትልቅ ይሁን፣ ፋኑ ሁለት ይሁን ስል የነበረው።

የፋኑን ገመድም እዩ፣ ባለ አራት ቀዳዳ መሆን አለበት፣ ባለ አራቱ ፍጥነቱን ማዘርቦርዱ በደንብ ያዘዋል። የውስጡን መሽከርከሪያ በተመለከተ ፍሉይድ ዳይናሚክ የሚለውን ካገኛችሁ ውሰዱ፣ ርካሹ ስሊቭ የሚባለው ከጊዜ በኋላ ቅባቱ ሲደርቅ ማንጎራጎር ይጀምራል።

7. ኬዙ ይተንፍስ

ምርጥ ኩለር የታፈነ ኬዝ ውስጥ ብትከቱት ያንኑ የሞቀ አየር ደጋግሞ ነው የሚስበው። ከፊት ቢያንስ ሁለት ፋን አየር ያስገባ፣ ከኋላ አንዱ ያስወጣ፣ የፊቱ ክዳን ወንፊት ይሁን። የፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ ያምራል፣ ግን መስኮት ዘግቶ እጣን ማጨስ ነው።

ከዛ ደሞ ዳንቴል! አውቃለሁ ሳቃችሁ፣ ግን እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ሬዲዮኑም ዳንቴል አለው፣ ኮምፒውተሩም ተለብሶለት ነበር፣ ሙቅ አየር የሚወጣበት ላይኛው ወንፊት ላይ በሚያምር ሁኔታ ተዘርግቶ። እማዬን "ይሄ አይሆንም" ማለት ከባድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ብቻ ይልበስ፣ ሲሰራ ይነሳ ብለን ተስማማን። ከግድግዳም አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ መሬት ላይም አታስቀምጡት፣ በተለይ ከጥር እስከ ግንቦት አቧራው መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው።

8. አገጣጠም

ሬንደር አሰርታችሁ ሲፒዩው ሞቅ እያለ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ። ሞቅ ማለቱ ለኤኤም4 ሰዎች ወሳኝ ነው፦ አሮጌው ፔስት (በሲፒዩውና በኩለሩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ከደረቀ ኩለሩን ቀጥ አድርጋችሁ ስትስቡት ሲፒዩው ከነእግሮቹ ተነቅሎ ይመጣል፣ ስለዚህ ሞቅ እያለ ቀኝና ግራ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ነው የሚላቀቀው። ኤኤም5ና ኢንቴሎቹ በብረት ስለተያዙ ይሄ ስጋት የለባቸውም።

አሮጌውን ፔስት በሶፍትና በፋርማሲ አልኮል ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ኤኤም4 ላይ አራቱን ብሎን ስትፈቱ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት ስለሚወድቅ በአንድ እጅ ያዙት፣ ኤኤም5 ላይ ጀርባው ከሶኬቱ ጋ የታሰረ ስለሆነ አይወድቅም።

አሁን ኩለሩን ገልብጡና ታቹን እዩ። ላስቲክ አለው ወይ? ጥርት ያለች ቀጭን ፕላስቲክ ናት፣ ላጧት! ስንት ሰው ሳይልጣት ገጥሞ "ተበላሽቶ ነው የመጣው" ብሎ ሲጣላ አይቻለሁ፣ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ስሙን አልጠራም።

ፔስቱ አተር የምታክል መሃል ላይ፣ ሲፒዩው ትልቅ ከሆነ በኤክስ ቅርጽ ስስ አድርጋችሁ። እንደ እንጀራ ማባያ አታጥቅሱት። ከዛ ኩለሩን አስቀምጡና ሁለቱን ብሎን ተራ በተራ፣ አንዱን ሁለት ዙር ሌላውን ሁለት ዙር እያላችሁ እኩል አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ አንድ ጎን ያዘነብልና ግማሹ ሲፒዩ አይነካም። ብሎኑ በራሱ ሲቆም በቃው፣ ከዛ በኋላ ጉልበት አትጨምሩ።

ፋኖቹ ሁለቱም አየሩን ከፊት ወደ ኋላ እንዲገፉ አድርጉ (የፋኑ ፍሬም ሰያፍ ዘንጎች ያሉበት ጎን ነው አየር የሚወጣበት)፣ ገመዳቸውን ሁለቱን ወደ አንድ በሚያመጣው ማገናኛ አድርጋችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ ፋን የሚለው ላይ ሰኩት። ሌላ ቦታ ከሰካችሁት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፋን የለም ብሎ ይጮህባችኋል።

አብሩና ባዮስ ውስጥ ሙቀቱን እዩ። ስራ ፈት ሆኖ ወዲያው ወደ 90 ከወጣ አጥፉ፣ ወይ ላስቲኩ ነው ወይ አልተቀመጠም።

9. ፋኑን አሰልጥኑት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰንፋል፣ ግማሹ ዝምታ ያለው ግን እዚሁ ነው። ራይዘን 7000 ላይ ብራውዘር ስትከፍቱ ሙቀቱ ከ45 ወደ 65 ዘሎ በሰከንድ ይመለሳል፣ ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ በመጣበት ሴቲንግ ይሄን ተከትሎ ፋኑን ዉዉው ያደርግና ዝም፣ ዉዉው ዝም። ጆሮ ደሞ ወጥ የሆነ ድምፅ ይለምዳል፣ የሚዋዥቀውን ነው የማይለምደው። ዝናብ ጣሪያ ላይ ሲወርድ እንተኛ የለም?

ባዮስ ውስጥ ፋን ከርቭ የሚለው ላይ ግቡ፣ ፋኑ በየሙቀቱ ስንት እንደሚዞር የሚታዘዝበት ነው (ወይ ዊንዶውስ ላይ ፋን ኮንትሮል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱ ይቀላል)። እኔ ያስተካከልኩት እንዲህ ነው፦ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ጠፍጣፋ፣ 700 ዙር ላይ፣ ምንም ቢመጣ አይነቃነቅም። ከ70 እስከ 85 ቀስ እያለ ወደ 1100። 90 ላይ 1300። 95 ከነካ ሙሉውን ይሂድ። ከዛ የመዘግየት ሰዓት የሚለውን ከሶስት እስከ አምስት ሰከንድ አድርጉት፣ እያንዳንዱ ማዘርቦርድ የራሱን ስም ነው የሚሰጠው፣ ስሙዚንግ ወይ ስቴፕ አፕ ሊል ይችላል። የኔ በ142 ዋት ገደብ ሬንደር ላይ 1000 አካባቢ ነው የሚቆመው፣ ከአልጋዬ ሆኜ የምሰማው ከውጭ ያለውን ውሻ ነው።

ያን ወረቀት አሁን አምጡና አወዳድሩ። ዲግሪው ብዙም ላይቀንስ ይችላል፣ በተለይ ራይዘን ላይ። የዙሩን ቁጥር ነው ማየት ያለባችሁ፣ እኛ የገዛነው እሱን ነው።

10. ጽዳትና ጉዞ

በጋ ላይ በየሁለት ወሩ፣ ክረምት ላይ ከዛ በላይም ቢቆይ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዛችሁ የብረቱን ቅጠሎች መሃል አራግፉ። ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ በብሎወር ስትነፉበት እንደ እብድ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። አቧራ የደፈነው ኩለር ምንም ያህል ውድ ይሁን ተመልሶ ወፍጮ ነው።

ጉዞ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ኤንኤች-ዲ15 ከነፋኑ 1.3 ኪሎ ይመዝናል፣ ያ ሁሉ ማዘርቦርዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ባጃጅ ላይ ለአጭር መንገድ ከሆነ ኬዙን በጎኑ አስተኙት፣ ማዘርቦርዱ ከስር ሆኖ ኩለሩ ወደ ሰማይ እንዲቆም፣ ጭናችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ከአዲስ አበባ ተገጣጥሞ የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ አውቶቡሱ ላይ ያለው ሰው ራሱ ብሎኑ ይላላል። ኩለሩን አስፈትታችሁ በራሱ ካርቶን ለብቻ አስመጡት፣ ፔስት አብሮ ይላክ፣ ቤት ስትደርሱ ራሳችሁ ግጠሙት። የግድ ተገጥሞ ከመጣ ደሞ ሳታበሩት ጎኑን ክፈቱና ኩለሩን በሁለት ጣት ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ ፈታችሁ አዲስ ፔስት ቀብታችሁ እንደገና እሰሩት።